በገንዘብ ላይ የሚታየው የማተሚያ ቤት ምልክት እንዴት እንደሚቀረጽ፤ ነጋዴስ ከእርሱ ምን እንደሚማር

በአቃቂ ገበያ ሱቅ ያለው አንድ ወዳጃችን ባለፈው የጥምቀት ሰሞን አንዲት የዐፄ ምኒልክ ሩብ ብር በመሐረብ ጠቅልሎ ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጣ። ሩቧን የገዛት ከአንድ እንግዳ ሻጭ ሲሆን የከፈለበት ዋጋ በውስጧ ካለው ብር ዋጋ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነበር። ስለምን ይህን ያህል እንደ ከፈለ በተጠየቀ ጊዜ፣ «ምልክት የላትም። ምልክት የሌለው የምኒልክ ገንዘብ እዚሁ አዲስ አበባ የታተመ ነው፤ በፓሪስ ከታተመው ይልቅም ይፈለጋል ብሎ አስረዳኝ» ሲል መለሰ።

ሻጩ ከተናገረው ውስጥ እኩሌታው እውነት ነበር፤ ነጋዴን የሚጎዳውም ይህን የመሰለው እኩል እውነት ነው። ጽሕፈት የምሠራላቸው ነጋዴ የቅባት እህል ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ስለሆኑ ሰሊጥ የምንመረምርበት ማጉያ መነጽር በጠረጴዛችን ላይ አይጠፋም። ሩቧን በመነጽሩ ሥር አድርገን ብናያት፣ ምልክቱ ሊኖር በሚገባው ስፍራ ላይ ብረቱ ጥቂት ጎድጎድ ብሎ፣ እንደ ጠጉር የቀጠኑ ጭረቶችም በአንድ አቅጣጫ ተሰልፈውበት አገኘን። ምልክቱ አስቀድሞ ነበረ፤ በኋላ በስለት ተፍቆ ጠፋ። ሻጩ ከዚያ ቀን ወዲህ በአቃቂ አልታየም፤ የወዳጃችንም ገንዘብ እንደ ወጣ ቀረ።

እንዲህ ያለው ጉዳት በሌሎች አባሎቻችን ላይ እንዳይደርስ፣ ምልክቱ ምን እንደ ሆነና በተለይም እንዴት በገንዘብ ላይ እንደሚወጣ በዚህ ጋዜጣ ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። የአሠራሩን መንገድ ያወቀ ሰው የማጭበርበሩን መንገድ ለማየት አይቸገርምና።

የማተሚያ ቤት ምልክት ማለት አንድ ገንዘብ በየትኛው ማተሚያ ቤት እንደ ተሠራ የሚያመለክት ፊደል ወይም ትንሽ ሥዕል ነው። የተፈጠረውም ለጌጥ ሳይሆን ለተጠያቂነት ነው። በአንድ መንግሥት ውስጥ ብዙ ማተሚያ ቤቶች ባሉ ጊዜ ክብደቱ የጎደለ ወይም ብሩ የተበረዘ ገንዘብ ቢገኝ የትኛው ቤት እንደሚጠየቅ መታወቅ አለበት። የሮማ ነገሥታት እስክንድርያን ጨምሮ በየአገሩ የነበሯቸውን ማተሚያ ቤቶች በገንዘቡ ግርጌ በሚጻፍ አጭር ፊደል ይለዩ ነበር። በፈረንሳይም ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ለየከተማው አንድ የላቲን ፊደል ተሰጥቶ፣ ለፓሪስ «ኤ»፣ ለሩዋን «ቢ»፣ ለሊዮን «ዲ»፣ ለቦርዶ «ኬ» ሆነ። ይህ የፓሪስ «ኤ» ኋላ ወደ አገራችን ገንዘብ ስለ ደረሰ አንባቢ በልቡ ይያዘው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ብዙ ሰው ምልክቱ በእያንዳንዱ ገንዘብ ላይ አንድ በአንድ የሚመታ ይመስለዋል። በቃሊቲ መንገድ ዳር ባሉት ጋራዦች የከባድ መኪና የሻንሲ ቁጥር በፊደል መምቻና በመዶሻ ሲመታ ያየ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ምልክቱ የሚመታው ገንዘቡን በሚያትመው ብረት ላይ ነው፤ ያ ብረት ከዚያ በኋላ በሺህ የሚቈጠር፣ አንዳንዴም ከመቶ ሺህ የሚያልፍ ገንዘብ ሲያትም ምልክቱን ከመልኩና ከጽሕፈቱ ጋር በአንድ ምት ያወጣዋል። ስለዚህ እውነተኛው ምልክት ከገንዘቡ ጋር አብሮ የተወለደ ነው እንጂ በኋላ የተጨመረ አይደለም።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ቀራጩ መጀመሪያ የንጉሡን መልክ ወይም የአንበሳውን ሥዕል በሰም ወይም በጀሶ፣ ከገንዘቡ ብዙ እጥፍ በሚበልጥ ትልቅነት ያበጃል። ከዚያ ይህ ትልቅ ቅርጽ ወደ ጠንካራ ነገር ከተገለበጠ በኋላ አንድ ልዩ መሣሪያ በአንዱ ጫፉ ትልቁን እየዳሰሰ፣ በሌላው ጫፉ ደግሞ ያንኑ በገንዘቡ ልክ አሳንሶ በብረት ላይ ይቀርጻል። ይህ ትንሹ ብረት ሥዕሉ እንደ ገንዘቡ ጎልቶ የወጣበት ዋና ቅርጽ ነው። እርሱ ጠንክሮ በሌላ ለስላሳ ብረት ላይ ሲጫን፣ ሥዕሉ ወደ ውስጥ የገባና ግራና ቀኙ የተገለበጠ ዋና ማተሚያ ይወጣል። ከዋናው ማተሚያ እንደ ገና ጎልተው የወጡ የሥራ ቅርጾች፣ ከነዚያም ወደ ውስጥ የገቡ ብዙ የሥራ ማተሚያዎች ይዘጋጃሉ። ገንዘቡን የሚመቱት እነዚህ የመጨረሻዎቹ ናቸው። መልኩ አንድ ጊዜ ጎልቶ፣ አንድ ጊዜ ሰጥሞ፣ እንደ ገና ጎልቶ መሄዱ እንግዳ ቢመስልም ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሥራ ማተሚያ ሲያረጅና ሲሰነጠቅ ቀራጩ ሥራውን ከመጀመሪያው እንዳይጀምር ነው።

እኛ ጸሐፊዎች የምንይዘው የላስቲክ ማኅተም ፊደሉ ጎልቶ የተገለበጠ ነው፤ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ይቀናል። የማተሚያ ቤቱ የምልክት መምቻ ግን ጎልቶና ቀንቶ የተቀረጸ ነው። ምክንያቱም እርሱ የሚያርፈው በማተሚያው ብረት ላይ ስለ ሆነ በዚያ ሰጥሞ ይገለበጣል፤ ማተሚያው ደግሞ በብሩ ላይ ሲያርፍ እንደ ገና ጎልቶ ይቀናል። መምቻውና ገንዘቡ አንድ ዐይነት መልክ አላቸው ማለት ነው።

የጥንቱ ልማድ ምልክቱን በመጨረሻው ደረጃ መምታት ነበር። የሥራ ማተሚያው ገና ለስላሳ ሳለ፣ በእሳት ግሎ ከመጠንከሩ በፊት፣ አንድ ሠራተኛ ጫፏ የሩዝ ፍሬ የማታህል ፊደል ያለባትን መምቻ ይዞ፣ ስፍራውን በዓይኑ ለክቶ፣ በትንሽ መዶሻ ይመታታል። ይህም የተደረገበት ምክንያት አንድ ዋና ቅርጽ ለብዙ ከተሞች ያገለግል ስለ ነበረ ነው፤ ሥዕሉ ለሁሉም አንድ ሆኖ ፊደሉ ብቻ በየማተሚያው ይለያያል። ነገር ግን የሰው እጅ ነውና ፊደሉ አንዳንዴ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ አንዳንዴ ወደ ቀኑ ይጠጋል። ሠራተኛው የመጀመሪያው ምት አልሰመረለትም ብሎ ሁለተኛ ቢመታ ደግሞ ፊደሉ ጥላ ያለው ይመስል ተደርቦ ይታያል።

ለዚህ ነገር የሚጠቀሰው ምሳሌ የአሜሪካ ነው። ካርሰን ሲቲ የሚባለው ማተሚያ ቤት በ1893 እ.ኤ.አ. ገንዘብ ማተሙን ባቆመ ጊዜ የቀሩት ማተሚያ ብረቶች አልተጣሉም፤ በከተማው ሁለት ፊደሎች ላይ የኒው ኦርሊንስ «ኦ» ተመትቶባቸው በ1900 እ.ኤ.አ. ቀን ብር ዶላር አተሙ። በእነዚያ ዶላሮች ላይ ከ«ኦ»ው ሥር የቀድሞው ፊደል ቅሪት እስካሁን ይታያል። ቁጠባ ደግ ነው፤ ዱካው ግን አይጠፋም። አሜሪካኖች ምልክቱን በእጅ መምታት ለሕዝብ በሚወጣው ገንዘብ ላይ የተዉት በ1990 እና በ1991 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ፊደሉ በዋናው ማተሚያ ላይ አስቀድሞ ስለሚገባ ከገንዘብ ገንዘብ ስፍራውን አይለውጥም።

ገንዘቡ ራሱ የሚመታበት ሥራ ለብዙ አንባቢ የታወቀ ስለ ሆነ በአጭሩ እናልፈዋለን። ብሩ ተነጥፎ ቀጭን ሰሌዳ ይሆናል፤ ክብ ክቡ ይቈረጣል፤ በእሳት ይለሰልሳል፤ ጠርዙ ከፍ ይደረጋል። ከዚያ በላይና በታች ማተሚያዎች መካከል ገብቶ በአንድ ኃይለኛ ምት ሁለቱንም ፊት ያወጣል። በምቱ ጊዜ ብሩ እንደ ሊጥ እየተገፋ በማተሚያው ላይ ወደ ሰጠመው ቀዳዳ ሁሉ ይገባል። ይህን የብሩን መገፋት አንባቢ ያስታውሰው፤ ወደ ምርመራው ስንመለስ ይጠቅመናል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ገንዘብ እንምጣ። ዐፄ ምኒልክ በስማቸው ገንዘብ እንዲታተም ባዘዙ ጊዜ ሥራው የተሰጠው ለፓሪስ ማተሚያ ቤት ነበር። ብሩ በክብደቱም በጥራቱም ሕዝቡ ከለመደው ከጠገራው ብር ጋር እንዲተካከል ሆኖ 28 ግራም ያህል ሲመዝን፣ ከሺህ 835 እጅ ንጹሕ ብር ነበረው። በ1887 እና በ1888 ዓ.ም. ቀን በታተሙት ገንዘቦች ላይ፣ በአንበሳው ወገን፣ ሦስት ጥቃቅን ምልክቶች ይገኛሉ። አንደኛው ፍሬ የሞላበት ቀንድ፣ ሁለተኛው የፓሪስ ፊደል «ኤ»፣ ሦስተኛው በምሳር ላይ የታሰረ የበትር ነዶ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀኖች ግን ፊደሉ «ኤ» ቀርቶ፣ በበትሩ ነዶ ፈንታ የሚነድ ችቦ ገባ። የአንበሳውም የፊት እግር በአንዳንዱ ዓመት ግራው፣ በአንዳንዱ ቀኙ ተነሥቶ ይታያል።

ችቦው የገባው ስለ ኢትዮጵያ መስቀል በዓል ነው የሚል ሰው በአቃቂ ገበያ ገጥሞናል። ነገሩ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን እውነቱ ሌላ ነው። ቀንዱ የማተሚያ ቤቱ የራሱ ምልክት ሲሆን፣ የበትሩ ነዶ ከ1880 እስከ 1896 እ.ኤ.አ. የቀራጮች አለቃ የነበሩት የላግራንዥ ምልክት ነበረ። እርሳቸውን በ1896 እ.ኤ.አ. የተኩት ፓቴ ደግሞ ምልክታቸው ችቦ ሆነ። በፓሪስ ሹም ተለወጠ፤ በሸዋ ገበያ በሚዞረው ገንዘብ ላይ ሥዕል ተለወጠ። ፊደሉ «ኤ» የቀረበትም ምክንያት ቀላል ነው፤ በዚያ ዘመን በፈረንሳይ የሚሠራው ማተሚያ ቤት የፓሪሱ ብቻ ስለ ነበረ ከሌላ ከተማ መለየት አላስፈለገም። ለነጋዴ የሚጠቅመው ነገር ግን ይህ ነው፤ በ1887 ዓ.ም. ቀን ላይ ችቦ ያለበት፣ ወይም በ1892 ዓ.ም. ቀን ላይ የበትር ነዶ ያለበት ገንዘብ ቢቀርብለት ቀኑና ምልክቱ ስለማይስማሙ ገዢው እጁን ይሰብስብ።

በ1903 እ.ኤ.አ. ገደማ በአዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ተቋቋመ። ማተሚያ ቤቱ የራሱን ምልክት አላደረገም፤ ከፓሪስ ምልክቶች አንዱም የሌለበት የምኒልክ ገንዘብ የአዲስ አበባ ሥራ ነው የተባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። የወዳጃችን ሻጭ የተናገረው እኩል እውነት ይኸው ነበር። አስተውሉ፤ የአገራችን ማተሚያ ቤት መታወቂያ የምልክት አለመኖር ሆነ። ምልክት ማስመሰል ብልሃትና ድካም ይጠይቃል፤ አለመኖርን ለማስመሰል ግን አንዲት ስለት ትበቃለች።

ከዚህ በተቃራኒ ምልክቱ ያለ፣ ነገር ግን እውነቱን የማይናገር ገንዘብ ደግሞ አለ፤ እርሱም ሁላችን የምናውቀው ጠገራ ብር፣ ማርያ ቴሬዛ ነው። ከንግሥቲቱ መልክ ሥር «ኤስ» እና «ኤፍ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደሎች አሉ። እነዚህ በዳንዩብ ወንዝ ዳር በምትገኘው በጉንዝቡርግ ከተማ ማተሚያ ቤት የነበሩ የሁለት ሹማምንት፣ የሾብልና የፋቢ ስም መነሻ ናቸው። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. አረፉ፤ ገንዘቡም ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ ቀረ። ጉንዝቡርግ በ1805 እ.ኤ.አ. ከኦስትሪያ እጅ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ጠገራው በቪየና፣ በፕራግ፣ በሚላኖ፣ በቬኒስ፣ ኋላም በሮማ፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብሩክሴል፣ በቦምቤይ፣ በበርሚንግሃም ታትሟል። ሁሉም ግን የሁለቱን ሹማምንት ፊደል እንዳለ ጠብቀው አተሙ።

ስለምን ጠበቁት ቢባል፣ የእኛና የቀይ ባሕር ማዶ ነጋዴዎች ያለዚያ አንቀበልም ስላሉ ነው። የቀድሞ አባቶቻችን ጠገራ ሲቀበሉ በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቍዎች ይቈጥሩ፣ ፊደሎቹንም በጥፍራቸው ይዳስሱ ነበር። ዕንቍው የደበዘዘ ወይም ፊደሉ ያልለየለት ከሆነ ይመልሱታል፤ ወይም ዋጋውን ይቀንሱበታል። ላቲን ማንበብ አያስፈልጋቸውም ነበር። ፊደሉ ለእነርሱ የከተማ ስም ሳይሆን፣ በውስጡ 23 ግራም ከግማሽ ያህል ንጹሕ ብር ለመኖሩ ዋስትና ነበር። ዛሬ ዕቃ የምናስመጣ ሰዎች የንግድ ምልክት የምንለው ይኸው ነው።

ኢጣሊያኖች ይህን በኪሳራ ተማሩት። በ1918 እ.ኤ.አ. ለኤርትራ ቅኝ ግዛታቸው ጠገራን የሚመስል፣ ነገር ግን የራሳቸው ጽሕፈትና የሮማ ምልክት «አር» ያለበት ታለሮ አተሙ። ብሩ ብር ነበር፤ መልኩም ይቀራረባል። ገበያው ግን አልተቀበለውም። ስለዚህ በ1935 እ.ኤ.አ. አገራችንን ሊወጉ ሲዘጋጁ ሌላ ጠገራ ለመፍጠር አልሞከሩም፤ ከኦስትሪያ መንግሥት ጋር ተዋውለው ትክክለኛውን ማተሚያ ወደ ሮማ ወሰዱ። የቀይ ባሕርን ንግድ የሚያካሂዱት የእንግሊዝ ቤቶች ጠገራ ባጡ ጊዜ ደግሞ ለንደን ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሷን ማተሚያ ቀርጻ፣ የእነዚያኑ የሁለቱን የሞቱ ሹማምንት ፊደል አስገብታ አተመች። በፊደሉ ብቻ የሮማውን ከለንደኑ መለየት አይቻልም። የሚለየው በጥቃቅኑ ነገር፣ በዕንቍዎቹ አቀማመጥና በንስሩ ላባዎች አቀራረጽ ነው። ከዚህ የተነሣ ሽማግሌዎች ከ1780 ጀምሮ የተቀመጠ ነው ብለው የሚያሳዩን ጠገራ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ እጅግ ወዲህ የታተመ ሆኖ ይገኛል። ቀኑን አይቶ ዋጋ የሚጨምር ሰው ይሳሳታል። በብርነቱ ግን አልተታለለም፤ ብሩ የትም ቢታተም ያው ነው።

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የወጣው የገንዘብ አዋጅ አዲሱን የኢትዮጵያ ብር ከመቶ ሳንቲሙ ጋር በሥራ ላይ አዋለ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መልክ ያለባቸው፣ 1936 ዓ.ም. የሚል ቀን የያዙት ሳንቲሞች በአሜሪካ ፊላደልፊያ፣ ከዚያም በእንግሊዝ አገር ጭምር ለብዙ ዓመታት ሲታተሙ ቀናቸው አልተለወጠም፤ የማተሚያ ቤትም ምልክት አልተደረገባቸውም። የፊላደልፊያ ቤት በዚያን ዘመን በራሱ አገር ገንዘብ ላይ እንኳ ምልክት የማድረግ ልማድ አልነበረውም፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በጦርነቱ ዓመታት በባለ አምስት ሳንቲሙ ላይ አድርጓል። በነገራችን ላይ፣ ከእነዚህ ውስጥ 25 ሳንቲሙ መጀመሪያ ክብ ሆኖ ወጥቶ ነበር። ክቡ በመጠኑ ከብሩ 50 ሳንቲም ጋር ስለ ተቀራረበ የሚያታልሉበት ሰዎች ተነሡ፤ ስለዚህ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ተከርክሞ እንዲለይ ተደረገ። ምልክት ማለት ፊደል ብቻ እንዳልሆነ ይህ ያሳያል፤ በጨለማ ሱቅ ውስጥ በጣት የሚታወቅ ጠርዝም ምልክት ነው። በ1969 ዓ.ም. ቀን በታተሙትም ሳንቲሞች ላይ ፊደል የለም፤ ሆኖም የአንበሳውን የአገጭ ጠጉር አቀራረጽ በመነጽር ያየ ሰው ሁሉም ከአንድ ማተሚያ ብረት እንዳልወጡ ይረዳል።

እንግዲህ አንድ ገንዘብ ምልክት ሊያጣ የሚችለው በሦስት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው፣ ከጥንቱ ያልተደረገበት እንደ ሆነ ነው። ሁለተኛው፣ በማተሚያው ላይ የሰጠመው ፊደል በቅባትና በቆሻሻ ተደፍኖ፣ ወይም ማተሚያው አርጅቶ ብሩ ወደ ቀዳዳው ሳይገባ የቀረ እንደ ሆነ ነው። በ1922 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ አንድ ሳንቲም በዴንቨር ብቻ ስለ ታተመ ሁሉም «ዲ» ሊኖረው ይገባ ነበር፤ ጥቂቶቹ ግን በዚህ ምክንያት ፊደል አጥተው ወጡ። ሦስተኛው፣ ምልክቱ በኋላ የተፋቀ እንደ ሆነ ነው።

ሦስቱን ለመለየት ከፍ ብሎ የተናገርነው የብሩ መገፋት ይረዳል። ማተሚያው በደፈነው ስፍራ ላይ ሜዳው እንደ አካባቢው ለስላሳ ሆኖ ይቀጥላል፤ ዙሪያውም ያሉት ጽሕፈቶች አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይደበዝዛሉ። በተፋቀው ላይ ግን የጎላው ነገር የተነሣ ስለ ሆነ ስፍራው ከሜዳው ዝቅ ይላል፤ ገንዘቡን በመስኮት ብርሃን ፊት ቀስ ብሎ ቢያዘነብሉት ብልጭታው እዚያ ላይ ይሰበራል። ምልክት የተጨመረበት እንደ ሆነ ደግሞ በፊደሉ እግር ዙሪያ ስንጥቅ ወይም የቀለም ልዩነት ይታያል፤ ከብሩ ጋር አብሮ የተገፋ ፊደል ከሜዳው ያለ ስፌት ይነሣልና። ለዚህ ሁሉ አሥር ጊዜ የሚያጐላ መነጽርና ትዕግሥት ይበቃል። ሻጩ የሚያስቸኵል ከሆነ ትዕግሥቱን መጨመር ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሕሊናዬ ይወቅሰኛል። ጽሕፈት በጀመርሁበት ዘመን አንድ የጠቈረ የምኒልክ ብር በእጄ ገብቶ፣ ለአሠሪዬ አሳምሬ ላቅርብ ብዬ በአመድና በሎሚ ፈገፈግሁት። ብሩ እንደ መስተዋት አበራ። ከሥሩ የነበረው ችቦ ግን አስቀድሞ ያረጀ ስለ ነበረ ከቀንዱ ጋር ጠፋ፤ የፓሪስ ይሁን የአዲስ አበባ ማንም ሊናገር የማይችል ሆነ። የጠቈረውን ገንዘብ ማንም አያጥበው።

ከሩቧ ነገር በኋላ ጥቂት ቆይቶ፣ ከበሰቃ በኩል አንዲት እናት ከባላቸው የቀረላቸውን ዐሥራ አራት ፍሬ ገንዘብ በከረጢት ይዘው መጡ። አንድ ብር ገዢ በሚዛን ልግዛዎትና ላቅልጠው ብሏቸው ኖሯል። «እማማ፣ ለዛሬ አይሽጡት፤ መጀመሪያ እንየው» አልናቸው።

«ልጄ፣ የሚታይ ምን አለው? ብር ብር ነው፤ እኔም ለልጅ ልጄ የትምህርት ቤት ቸግሮኛል» አሉ።

ተቀምጠን አንድ በአንድ ለየነው። ዘጠኙ ጠገራ ነበሩ፤ ለእነዚህ የሚዛኑ ዋጋ ከትክክለኛው ብዙም አይርቅም ነበር። አምስቱ የምኒልክ ሲሆኑ፣ በአንደኛው ላይ 1887 ዓ.ም. የሚለው ቀን፣ ቀንዱና የበትሩ ነዶ፣ በመካከላቸውም «ኤ» ሳይነካ ተገኘ። ይህን ከሌሎቹ ጋር በሚዛን መስጠት፣ አንደኛ ደረጃ የሁመራ ሰሊጥ ከግርዱ ጋር ቀላቅሎ እንደ መሸጥ ነው። እማማ ከጠገራው ጥቂቱን ሸጠው ችግራቸውን አቃለሉ፤ አምስቱን ግን እንዳሉ ይዘው ተመለሱ።

ለላኪዎች አንድ ማሳሰቢያ አለን። ቅርስ የሆነ ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። የቆየ ገንዘብ ከውጭ አገር ፈላጊ መጥቶለት ሊልክ የሚያስብ አባል፣ ዕቃውን ወደ ቃሊቲ ጉምሩክ ከማድረሱ በፊት ለቅርስ ጥበቃው መሥሪያ ቤት አሳይቶ ጽሑፍ ይቀበል። በሻንጣ ውስጥ በልብስ መካከል የተገኘ ጠገራ ለባለቤቱ የሚያስከትለው ጣጣ ከትርፉ ይበልጣል።

የወዳጃችን ሩብ ግን አሁንም በጠረጴዛችን መሳቢያ ውስጥ አለች። ለመሸጥ አፈረ፤ ለመጣልም አልጨከነም። የተፋቀ ምልክት ምን እንደሚመስል በዓይኑ ማየት የሚፈልግ አባል ቢኖር፣ በሥራ ሰዓት ብቅ ቢል መነጽሩን ጨምረን እናሳየዋለን።